ዶክተር ሲሏቸው «አቤት» የሚሉት ጋሽ ይማም

ጋሽ ይማም ማረፋቸውን የሰማሁት ሮቢት፣ የማሽላ ማሳ ውስጥ ከገበሬዎች ጋር ቆሜ ነው። እናቴ ደወለችና «ፋጡማ፣ ዶክተር ሄዱ» አለችኝ። ቆቦ ውስጥ ሌላ ዶክተር የለም ማለት አይደለም። ሆስፒታሉ ውስጥ አሉ፤ የራሳቸውን ክሊኒክ የከፈቱም አሉ። ስም ሳይከተለው «ዶክተር» ብቻ ከተባለ ግን ጋሽ ይማም መሆናቸውን ከከብት ተራው ጀምሮ እስከ ዞብል ተራራ ግርጌ ድረስ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል።

ገበሬዎቹ ፊቴን አይተው ምን እንደሆንኩ ጠየቁኝ። ስነግራቸው አንደኛው «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» ብሎ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለ። ሌላኛው ባርኔጣውን አውልቆ «ነፍስ ይማር፤ በሬዬን ከሞት የመለሱልኝ ሰው ናቸው» አለ። ሚኒባስ አግኝቼ ቆቦ ስደርስ ጀናዛው ከቤት ሊወጣ ተቃርቦ ነበር። ወንዶቹ ተሸክመዋቸው ሲሄዱ እኔ ከባለቤታቸው ከእትዬ ከድጃ አጠገብ ተቀምጬ ቀረሁ።

ጋሽ ይማም ዲግሪ አልነበራቸውም። የእንስሳት ጤና ረዳት ሆነው ዕድሜያቸውን ሙሉ ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ከጡረታም በኋላ ሰው በጠራቸው ቁጥር ቦርሳቸውን አንጠልጥለው የሚሄዱ ሰው ነበሩ። በወጣትነታቸው፣ በደርግ ጊዜ፣ የእንስሳት ሕክምና እንዲማሩ ወደ ቡልጋሪያ ተልከው ነበር። ትምህርቱን ሳይጨርሱት እዚያም እዚህም መንግሥት ተለወጠ። የሚከፍልላቸው ጠፋ፤ ተመለሱ። «ዶክተር መጣ!» ብሎ የተቀበላቸው የቆቦ ሰው ነገሩን ከሰማ በኋላም ስሙን አልነሳቸውም። ግማሹ በፍቅር፣ ግማሹ በፌዝ «ዶክተር» እያላቸው ቀረ።

ረጅምና ቀጭን ነበሩ፤ ሲራመዱ ወደ ግራ ዘንበል ይላሉ። በዚህ በቆላው ሙቀት ሰው ሁሉ የሸሚዙን ቁልፍ ፈትቶ ሲሄድ እሳቸው ኮታቸውን አያወልቁም። ለባጃጅ ሹፌሮች ትዕግሥት አልነበራቸውም፤ ሙዚቃ ከፍ ያደረገባቸውን «ልጄ፣ ይህ ጆሮ ገና ያስፈልገኛል» ይሉታል። የታመመ ከብት ዘንድ ሲደርሱ መጀመሪያ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ይታጠባሉ። ከዚያ መዳፋቸውን የከብቱ አንገት ላይ አድርገው ዝም ብለው ይቆያሉ። ማነጋገር ሲጀምሩ በቡልጋሪያ ቋንቋ ነው። «ዶብሬ፣ ዶብሬ» ይላሉ፤ ደህና ነው፣ ደህና ነው ማለት ነው። በኋላ ስንቀራረብ ለምን በአማርኛ እንደማያናግሯቸው ጠይቄያቸው ነበር።

«ከብት መንካት የተማርኩት በዚያ ቋንቋ ነው» አሉኝ። «በአማርኛ ስሞክር እጄ ይሳሳትብኛል።»

ከቆቦ እስከ ዋጃ ባለው ሜዳ ላይ ዛሬም አልቆም ያለ በሬውን «ዶብሬ፣ ዶብሬ» እያለ የሚያባብል ገበሬ አለ። ቃሉ የአባቶቹ ይመስለዋል።

ጋሽ ይማምን ከልጅነቴ ጀምሮ በሩቁ አውቃቸው ነበር። የቀረብኳቸው ግን ከሃንጋሪ ተመልሼ ቤት ዘግቼ በተቀመጥኩበት ጊዜ ነው። ስለ ራሴ ብዙ ማውራት አልፈልግም፤ ይህችን ያህል ካላልኩ ግን ስለ እሳቸውም መናገር አልችልም። የሰብል ሳይንስ ለዶክትሬት ልማር ሄድኩ። እዚያ እያለሁ ጦርነቱ ቆቦ ደረሰ። ስልክ ተቋረጠ። ያለችኝ እናቴ ብቻ ናት፤ በሕይወት ትኑር አትኑር ሳላውቅ ወራት አለፉ። እንቅልፍ ጠፋብኝ። አንድ ገጽ አንብቤ ስጨርስ ምን እንዳነበብኩ አላውቅም ነበር። ለመቀጠል ማለፍ የነበረብኝን ፈተና ወደቅኩ። እንደገና ሰጡኝ፤ እንደገና ወደቅኩ። የትምህርት ዕድሉ ተቋረጠ።

ስመለስ እናቴ አለች። ቤቱም ቆሟል፤ ውስጡ ግን ባዶ ነበር። እናቴ ምንም አልጠየቀችኝም፤ ለጎረቤት «ለእረፍት መጣች» አለች። እረፍቱ ረዘመ። ጎረቤቶች በሩ ላይ ቆመው «ዶክተር ፋጡማ፣ እንኳን ደህና መጣሽ!» ሲሉ ወደ ጓዳ እገባ ነበር። ክፋት አልነበረባቸውም፤ ቃሉ ግን እንደ እሾህ ይወጋኝ ነበር። ገበያ አልወጣም፤ ለቅሶም አልሄድም። እናቴ ብቻዋን እየሄደች «አሟታል» ትላለች።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ እናቴ ከጦርነቱ በኋላ የገዛቻት ፍየል ምጥ ያዛት። ግልገሉ አልወጣም አለ። እናቴ ነጠላዋን እየጎተተች ሮጠች፤ ጥቂት ቆይታ ጋሽ ይማምን ይዛ ተመለሰች። እኔን ሲያዩ ሰላምታም አላበዙ።

«ነይ፣ አንገቷን ያዥልኝ» አሉኝ።

ያዝኩ። እጃቸውን ታጠቡ፤ መዳፋቸውን አንገቷ ላይ አሳረፉ። «ዶብሬ፣ ዶብሬ።» ግልገሉ ተጣሞ ነበር፤ ቀስ ብለው አቃኑት። ሲወጣ የማይተነፍስ መስሎኝ ፊቴን አዞርኩ። እሳቸው አፍንጫውን ጠራርገው በገለባ አሻሹት። አስነጠሰ። እናቴ «አልሐምዱሊላህ!» ብላ ጮኸች። እኔም ሳቅኩ፤ ከተመለስኩ ወዲህ የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም።

እናቴ ውሃ ልታመጣ ስትገባ ጋሽ ይማም የሸሚዛቸውን እጅጌ ወደ ታች እየመለሱ፣ የአየር ጠባይ እንደሚጠይቅ ሰው፣ «ያንቺስ ስንተኛ ዓመት ላይ ቆመ?» አሉኝ።

ከመጣሁ ጀምሮ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ሁሉም ይጠነቀቅልኝ ነበር።

«አራተኛ» አልኩ።

«የኔ ሦስተኛ ላይ ነው የቆመ» አሉ። «በልጠሽኛል።» ከዚያ ቦርሳቸውን አነሱና «ነገ ጠዋት ወደ ጎሊና ወንዝ በኩል የምታነክስ ላም አለችኝ። የሚይዝልኝ ሰው የለም። ፀሐይ ሳይበረታ እንወጣለን» ብለው ሄዱ። መልሴን አልጠበቁም።

በማግስቱ ሄድኩ። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ እሄድ ጀመር። ዋጃ፣ ሮቢት፣ ከመንገዱ ራቅ ያሉ መንደሮች። እኔ የምይዘው ገመድና ባልዲ ነበር። ሁልጊዜ እንደ ግልገሉ አልተሳካልንም። ሮቢት አካባቢ አንዲት መበለት የነበረቻትን አንድ ላም ልናድን ሄደን ላሚቱ እጃችን ላይ ሞተች። ሌላ ሰው ቢሆን «አላህ ይተካሽ» ብሎ ይሄድ ነበር። ጋሽ ይማም ግን ኮታቸውን አንጥፈው ሴትዮዋ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጡ።

«ስሟ ማን ነበር?» አሉ።

«ሻሼ» አለች ሴትዮዋ።

«ስንት ወለደችልሽ?»

ሴትዮዋ መናገር ጀመረች። የመጀመሪያዋን ጥጃ፣ በድርቁ ጊዜ ወተቷ ልጆቿን እንዴት እንዳሻገረላት፣ ጠባይዋን፣ ጎረቤት ማሳ እየገባች ያጣላቻትን ሁሉ አወራች። ወደ መጨረሻው እያለቀሰችም እየሳቀችም ነበር።

ሰው ሁሉ «ዶክተር» ሲላቸው «አቤት» ይላሉ። እያፌዘ የሚጠራቸውንም በዚያው ድምፅ «አቤት» ነው የሚሉት። ይህ ይገርመኝ ነበር፤ እኔ በዚያች ቃል ምክንያት ከቤት አልወጣም ነበርና። አንድ ቀን ጥላ ስር አርፈን እንዴት እንደቻሉት ጠየቅኳቸው።

«ድሮ አልቻልኩትም» አሉ። «ከብት ተራ ውስጥ አንዱን በዱላ መትቼ ታስሬያለሁ። በኋላ ሳየው ግን፣ ሰዎቹ የሚጠሩት እኔን ነው። በሬው የታመመበት ሰው ዶክተር ብሎ ሲጮህ የሚፈልገው እጄን ነው። ሰው እየፈለገኝ ስለ ወረቀት ልከራከረው?»

ይህን ቀለል አድርገው ነገሩኝ። እኔ ግን ገና አልቀለለኝም ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ አንድ የአፋር ነጋዴ ያመጣትን ግመል ዋጃ ላይ አክመን በባጃጅ ወደ ቆቦ እየተመለስን ነው። የግመሏ ባለቤት ሲሰናበተን እኔንም «ዶክተር» ብሎኝ ነበር። ያ ከንክኖኝ ዝም ብዬ ስሄድ «ምነው?» አሉኝ።

«ምንም። አራት ዓመቴን መሬት ላይ ጣልኩት፤ እሱን እያሰብኩ ነው» አልኩ።

«ምን አልሽ?»

«አራት ዓመት በከንቱ...»

«አቁም!» አሉ ለሹፌሩ። ባጃጁ ሳይቆም እግራቸውን አወረዱ። ቦርሳቸውን አንስተው በዚያ ፀሐይ አስፋልቱን ዳር ዳሩን ይዘው መሄድ ጀመሩ። ሹፌሩ ግራ ገብቶት እኔን አየኝ። እኔም ግራ ገብቶኛል። ባጃጁን ከጎናቸው ቀስ እያደረገ ተከተላቸው።

«ጋሼ፣ ኧረ ይግቡ! ፀሐይ ነው!» አልኩ ከውስጥ ሆኜ።

«እንደዚያ ከምትል ሰው ጋር አልሳፈርም።»

«ምን አጠፋሁ?»

«እርስዎም ሦስት ዓመትዎን ጣሉ በይኛ! ካልሽ አይቀር በይው!»

ወርጄ አብሬያቸው መሄድ ጀመርኩ። ጥቂት ከሄድን በኋላ ንዴታቸው በረደ። ያን ጊዜ ነው ስለ እትዬ ከድጃ የነገሩኝ።

«እንደተጋባን ሰሞን» አሉ፣ «ስለ ቡልጋሪያ ሳወራላት ሁልጊዜ የምጀምረው ከአየር ማረፊያው ነበር። ሻንጣዬን ይዤ ቆሜ፣ ማንም ሳይሸኘኝ። ሁልጊዜ እሱን ነው የማወራት። አንድ ቀን ከድጃ ሰለቻት። ‹እኔ ያገባሁት ያን ሁሉ ዓመት የኖረውን ሰው መስሎኝ ነበር፤ አንተ የምታሳየኝ ግን አየር ማረፊያ የቆመውን ብቻ ነው። ሌላኛው የት ሄደ?› አለችኝ። ከዚያ ስፈልግ ስቶያን ትዝ አሉኝ።»

ስቶያን ተማሪዎቹ ለልምምድ በሚላኩበት እርሻ በግ የሚጠብቁ ሽማግሌ ነበሩ። በጨለማ የታመመችውን በግ በትንፋሿ ለይተው የሚያወጡ፣ ቁጡ፣ አፋቸው ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት የሚል። የመጀመሪያው በረዶ ሲወርድ ከወሎ ቆላ የመጣው ልጅ ሲንቀጠቀጥ አይተው የራሳቸውን ካፖርት አልብሰውት፣ እሳቸው ክረምቱን በሹራብ ከረሙ።

«እኚህን ሰው በአየር ማረፊያው ምክንያት ቀብሬያቸው ነበር» አሉ ጋሽ ይማም። «በይ፣ አንቺም ከመጨረሻው አትጀምሪብኝ። ከሌላ ቦታ ጀምሪልኝ።»

«ከየት?»

«ከሰው ጀምሪ።»

እያሰብኩ ብዙ ሄድን። ከዚያ ስለ ኤርዢ ኔኒ ነገርኳቸው። ኔኒ ማለት እኛ «እትዬ» እንደምንለው ነው። የምኖርበት የተማሪዎች ማደሪያ በር ላይ የሚቀመጡ አሮጊት ናቸው። ስልክ በተቋረጠበት ወራት ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ቆሜ ወደ እናቴ እደውላለሁ። አይሠራም። ኤርዢ ኔኒ ቀና ብለው ያዩኛል፤ ራሴን እነቀንቃለሁ። ከዚያ ከራሳቸው ሻይ ቀድተው ያጠጡኛል። ውሎ ሲያድር ቁጥሩን ጻፊልኝ አሉኝ፤ እኔ ክፍል ስሆን እሳቸው ይደውሉ ጀመር። ቁጥሩ በቃላቸው ገባ። መስመሩ የተከፈተበት ቀን እናቴን ቀድመው ያገኙት እሳቸው ናቸው። ምን ቢሏት ነው? ቋንቋ የላቸው። ስልኩን እንደያዙ «ፋጡማ! ፋጡማ!» እያሉ ደረጃውን ሮጠው ወጡ። ጉልበታቸው ታማሚ ነው፤ በዚያ ደረጃ ሲወጡ አይቻቸው አላውቅም ነበር። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጠፉትና እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጡ። የእናቴን ድምፅ የሰማሁት እንደዚያ ነው።

ጋሽ ይማም ቆመዋል። ባጃጁም ቆሟል። ሹፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ እየሰማ ነበር።

«ይህን ይዘሽ ነው ጣልኩት የምትይው?» አሉ። እንደ ቅድሙ አልተቆጡም። «ኋላስ፣ ደውለሽላቸዋል?»

ከተመለስኩ ወዲህ ወደዚያ አገር አንድም ጊዜ አልደወልኩም ነበር። ቁጥሮቹን ማየት ራሱ ያመኝ ነበር።

በሳምንቱ ጁምዓ ከሰገዱ በኋላ ጋሽ ይማም ቤታችን መጡ። እናቴና እሳቸው በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። ስልኩን ከፈትኩና በምስል ደወልኩ። ኤርዢ ኔኒ መነጽራቸውን እያስተካከሉ ብቅ አሉ። ስለ ፈተናው ይጠይቁኛል ብዬ ፈርቼ ነበር።

«እናትሽን አቀፍሻት?» አሉኝ።

ስልኩን ወደ እናቴ አዞርኩት። እናቴ ምስሉን ሳይሆን ድምፁን ነው ያወቀችው።

«ፋጡማ ፋጡማ ያሉኝ ሴትዮ!» አለች። «ያን ቀን... ልጄ፣ እኚህ ናቸው?» ስልኩን ከእጄ ቀማችኝ። የሰው አገር ሴት መሆናቸውንም ረሳችው። «እናቴ፣ አላህ ዕድሜ ይስጥዎ! ልጄን ብቻዋን አልተዉብኝም! እኔ ጫካ ለጫካ ስንከራተት እርስዎ እናት ሆነውልኛል!» እያለች እጇን ዘርግታ መረቀቻቸው። ኤርዢ ኔኒ አንድም ቃል አልገባቸውም፤ ግን እያለቀሱ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ጋሽ ይማም ደግሞ በመሃል ብቅ ብለው በቡልጋሪያ ቋንቋ ረጅም ንግግር አደረጉላቸው። ኤርዢ ኔኒ ያንንም አልሰሙትም። ሁለቱ አገሮች ጎረቤት አይደሉም ብላቸው «ቢሆንም ከእኛ ይቀርባሉ» አሉ። ሳቅን። እናቴ በሳቅ መሃል እንደገና አለቀሰች።

ከዚያ ቀን በኋላ ሁሉም ነገር ተስተካከለ አልልም። ያ ፈተና አሁንም በሕልሜ ይመጣል። ግን ገበያ ወጣሁ። ለቅሶ ደረስኩ። እናቴም «ለእረፍት ነው የመጣችው» ማለቷን ተወች፤ ጎረቤት ሲጠይቃት «ከእኔ ጋር ናት» ትላለች። ጥቂት ቆይቶ ከገበሬዎች ጋር ድርቅ የሚችል የማሽላ ዘር የሚሞክር ሥራ ላይ ተቀጠርኩ። እዚያ የተማርኩት ነገር እዚህ መሬት ውስጥ ገባ። መጀመሪያ ሰሞን አንድ ገበሬ ከማዶ «ዶክተር!» ብሎ ሲጣራ ዙሪያዬን አየሁ፤ ከእኔ በቀር ሰው አልነበረም። «አቤት» አልኩት።

ጋሽ ይማም ልባቸውን መታመም የጀመሩት ባለፈው ዓመት ነው። ደሴ ሄደው ታክመው ተመለሱ፤ ከዚያ ወዲህ ግን ቦርሳው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቀረ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት እየሄድኩ እጠይቃቸው ነበር። ከማረፋቸው ጥቂት ቀን በፊት በሄድኩ ዕለት እትዬ ከድጃ መስኮቱ አጠገብ አስተኝተዋቸዋል። እጃቸው ከስቶ ነበር። ለረጅም ጊዜ ልላቸው ያሰብኩትን ያን ዕለት ካላልኩ ጊዜ እንደማላገኝ ገባኝ። ችግሩ ጋሽ ይማም ምስጋና አይወዱም። ሰው አመሰግናለሁ ሲላቸው ዕቃቸውን ሰብስበው የሚወጡ ሰው ናቸው። አሁን ግን መነሳት አይችሉም።

«ጋሼ፣ ሳያቋርጡ ይስሙኝ» አልኩ። «ሰው ሁሉ አዝኖልኝ ነበር፤ ለእኔ ጊዜ የነበራቸው ግን እርስዎ ናቸው። በዚያ ፀሐይ በእግርዎ የሄዱት ለእኔ ነው። የኖርኩትን ዘመን መለሱልኝ። አመሰግናለሁ።»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። የተቆጡ መስሎኝ ደነገጥኩ። ከዚያ ሳይዞሩ ተናገሩ።

«ሰው ሲያመሰግነኝ ለምን እንደምሸሽ ታውቂያለሽ? ምስጋናው ትምህርቱን ለጨረሰው ይማም የተላከ ይመስለኛል። ያ ሰውዬ ደግሞ የለም። በሌላ ሰው ስም የመጣ ዕቃ እንደመቀበል ነው የሚሆንብኝ።»

«እኔ እኮ ያንን ሰውዬ አላውቀውም» አልኳቸው።

ዞረው አዩኝ። ዓይናቸው ረጥቧል። ከሳቸው ጋር በከረምኩበት ጊዜ ሁሉ እንደዚያ አይቻቸው አላውቅም።

«እውነትሽን ነው» አሉ። «አታውቂውም።» «እንግዲያ ይህ የእኔ ነው። ተቀብያለሁ» አሉ።

እትዬ ከድጃ በሩ ላይ ቆመው ሰምተዋል። በነጠላቸው ጫፍ ፊታቸውን ጠረጉ።

ጋሽ ይማም አዩአቸውና ድምፃቸውን አሰምተው «ምን ትገተሪያለሽ ከድጃ፣ ለልጅቱ ፓፓያ ቁረጪላት እንጂ!» አሉ።